በግ የተሸከመ ፊደል

ባለፈው ማክሰኞ ቤድፎርድ ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ሄጄ ነበር። ወረፋዬን ስጠብቅ ከጥርስ ሳሙናው መደርደሪያ ፊት አንድ ረጅም ጎልማሳ በሁለት እጁ ሁለት ካርቶን ይዞ አንዱን ሲያነብ፣ ሌላውን ሲመልስ፣ የመለሰውን እንደገና ሲያነሳ አየሁት። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦታል። በግራ ክንዱ ላይ አንድ ፊደል ተነቅሷል፤ ከላዩ ሁለት ቀንድ ያወጣ፣ ከታቹ እንደ እሾህ አጥር የተጠላለፈ። ሰውየውን ሳላውቀው ፊደሉን አወቅሁት። ያ የድሮ ንቀቴም አንድ ቀን እንኳ እንዳልተኛ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ዓይኑን ገለጠ።

"እትዬ ብርሃኔ፣ እርስዎ ነዎት?" አለኝ ጎልማሳው።

ናትናኤል ነበር፤ የጓደኛዬ የአስካለ ልጅ። ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለና፣ ሰላምታችን እንኳ ሳያልቅ "ጌታ ነው ያመጣዎት። ሶ፣ ከእነዚህ የቱ ይሻላል?" ብሎ ካርቶኖቹን ወደ ፊቴ አቀረበ። መነጽሬን ከቦርሳዬ እየፈለግሁ ዓይኔ ግን ካርቶኑ ላይ አልነበረም። ክንዱ ላይ ቀርቶ ነበር።

ያ ፊደል እኛ ዘንድ የመጣው ቤንዚን አራት ዶላር ገብቶ ሰው ሁሉ ስለ ቤንዚን ብቻ ያወራ በነበረበት ጊዜ ነው። ምርጫም ነበር መሰለኝ፤ በየመኪናው መከላከያ ላይ የሰው ስም ተለጥፎ ይሄድ ነበር። ሰው ቤቱን ለባንክ ትቶ፣ ቁልፉን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይወጣል ሲባል የሰማነውም ያኔ ነው። ስልኩ ሁሉ ይታጠፍ ነበር፤ ልጆቹ ተናግረው ሲጨርሱ ጥፍ አድርገው ሲዘጉት የፍርድ ቤት መዶሻ ይመስል ነበር። ወንዶቹ ሦስት ሰው የሚያስገባ ከነቴራ ለብሰው፣ ሱሪያቸውን ከወገባቸው በታች አውርደው ይሄዱና፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርሱ ብቻ በአንድ እጃቸው ወደ ላይ ሳብ ያደርጉታል፤ ለእግዚአብሔር ክብር መሆኑ ነው። የገበያ አዳራሹ መሐል ስምህን በሩዝ ፍሬ ላይ የሚጽፍ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ከእሱ አልፎ ደግሞ በቆዳህ ላይ የቻይና ፊደል የሚጽፍ። ሰው ማንበብ የማይችለውን ነገር ከፍሎ፣ ተሰቃይቶ፣ ደምቶ በገላው ላይ ያጽፍ ነበር። "ምን ማለት ነው?" ስትለው "ጥንካሬ" ይልሃል፤ ሾርባ ይሁን ጥንካሬ የሚያውቀው ጻፊው ብቻ፣ እሱም ካወቀ ነው። እናቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን ሲነቀሱ ለጌጥ መሆኑን አይክዱም ነበር። የእነዚህኞቹ ግን ለጌጥ አይደለም፤ ለጥበብ ነው። ዛሬ ስልኩን ፊደሉ ላይ ደቅኖ ትርጉሙን በቅጽበት የሚያነብ ትውልድ ሲስቅባቸው ሳይ ደግሞ እሱንም አላደንቀውም። ስልኩ አነበበ እንጂ እሱ ምን አነበበ?

ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ ጋርላንድ ውስጥ በዶናት ቤትና በልብስ ማጠቢያ መሐል ያለ የቀድሞ የቤት ዕቃ መደብር ነበር። ምንጣፉ ሶፋዎቹ የቆሙበትን ቦታ ገና ያሳያል። መዘምራኑ አንድ ኪቦርድ ነበራቸው፤ ኪቦርዱ ደግሞ አንድ ምት ብቻ ያውቃል መሰለኝ፣ የንስሐውንም የሠርጉንም መዝሙር በዚያችው ምት እናስኬደው ነበር። ያም ሆኖ ጸሎት ነበረን። እኔ ጌታን የተቀበልሁት መቀበል በሚያስከፍልበት ዘመን ነው። አንዱን መጽሐፍ ቅዱስ ገነጣጥለን፣ ለአንዷ ወንጌሉን ለአንዷ መልእክቱን አካፍለን፣ በትራስ ልብስ ሰፍተን የምንይዝበት ጊዜ ነበር። ያኔ ማንም "እስቲ መጀመሪያ የቻይና ምስክር ይቅረብልኝ" አላለም።

ሰውየውን ከካሊፎርኒያ ያስመጡት ወጣቶቹ ናቸው። ስሙን አልጠራም፤ ሰውየው እለዋለሁ። ፓስተርም፣ ዶክተርም፣ ሐዋርያም ይባል ነበር፣ እንደ አስተዋዋቂው የዕለቱ ስሜት። ጫማው ሹል፣ ሱሪው ጠባብ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ። በመጀመሪያው እሑድ መብራት አስጠፋና ግድግዳው ላይ ያን ፊደል አበራ።

"ይህ የቻይና ፊደል ነው" አለ። "ጽድቅ ማለት ነው። ላዩን እዩት። በግ ነው። ታቹን እዩት። 'እኔ' ማለት ነው። በጉ በእኔ ላይ ሲሆን ምን ይሆናል?"

"ጽድቅ" አለ ሕዝቡ።

ቀጥሎ ሌላ ፊደል አበራ፤ መርከብ ነው አለ፤ ጀልባ፣ ስምንት፣ አፍ ሆኖ ተከፋፈለ። "የኖኅ ቤተሰብ ስንት ነበር?" ሲል ጉባኤው "ስምንት" ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ቻይናዎች ከሙሴ በፊት ወንጌሉን በፊደላቸው ውስጥ ደብቀው ይዘውት ኖሩ ማለት ነው፤ እነሱ ሳያውቁት፣ ይህ ባለ ሹል ጫማ እስኪመጣ ድረስ። ሰው አለቀሰ። ለስብከት አላለቀሰም፣ ለስላይድ አለቀሰ። ሲወጡ በሩ ላይ ፊደሉ የታተመበት ከነቴራ በሃያ ዶላር፣ ዲቪዲው በአስር ይሸጥ ነበር። በጉ ያለው በሰውየው ላይ ሳይሆን በከነቴራው ላይ ብቻ መሆኑን ያኔ ገባኝ።

እኔ ደግሞ በሳምንቱ ቀናት ኧርቪንግ ውስጥ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር፤ ሚስተር ቾ ይባላሉ። አገራቸው ሳሉ የጥንቱን የቻይና ጽሕፈት ሃይስኩል ያስተምሩ ነበር፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸው የሜንታ ቅባትና የቀለም ጠረን አለው። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሥራዬ ጥርሳቸውን ከብርጭቆ አውጥቼ ማጠብ ነበር። ሰኞ ዕለት ቁርሳቸውን ሲጨርሱ ፊደሉን እንደ ምንም በእርሳስ ስዬ አሳየኋቸው።

"ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"አንድ ሰባኪ። ጽድቅ ነው፤ በጉ በእኔ ላይ ነው አለን። ስምንት አፍ የተሳፈረበት መርከብም አሳይቶናል።"

ሚስተር ቾ እስኪያስላቸው ሳቁ። ውሃ ሰጠኋቸው። "ጽድቅ መሆኑ ልክ ነው" አሉ። "ላዩ በግ መሆኑም ልክ ነው። ታቹ ዛሬ 'እኔ' ተብሎ መነበቡም ልክ ነው። ስለዚህ ነው ተረቱ የሚጥመው።"

ከዚያ በትዕግሥት፣ እንደ ተማሪያቸው፣ አስረዱኝ። ታቹ ያለው በጥንት ጊዜ ጥርስ ያለው መሣሪያ ነበር፣ እንደ መጋዝ። ሰዎቹ 'እኔ' የሚለውን ቃል የሚጽፉበት ስላልነበራቸው፣ ድምፁ ስለሚቀራረብ ብቻ የመሣሪያውን ሥዕል ተዋሱት። ስለዚህ መጀመሪያ በአጥንት ላይ ሲቀርጹት በግና ጥርሳም ስለት ነበር። አንዱ ሊቅ ለመሥዋዕት ነው ይላል፤ ሌላው በበግ ቀንድ ያጌጠ የሰልፍ መሣሪያ ነው፣ ክብርንና ሥርዓትን ለማሳየት ነው ይላል። "እኔ አላውቅም" አሉ። "ስምንቱ አፍ ያልሽው ደግሞ ድምፁን ለመንገር የገባ ነው፤ ማንም መርከቡ ላይ አልተሳፈረም። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ይህን ፊደል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጽፉት ኖሩ። በጉን ግን በፊደሉ ውስጥ አላገኙትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ነው ያገኙት።"

አነባበቡንም አስተማሩኝ። ቻይና 'ዪ' ይለዋል፣ ድምፁን እንደ ድንጋይ ወደ ታች እየጣለ። ኮሪያ 'ኡይ'። ጃፓን 'ጊ'። ቬትናም 'ንግያ'። 'ጰ' እና 'ቀ' ሲያፈነዳ የኖረ አፌ በ'ንግያ' ላይ ተሸነፈ። "በቬትናም ለወንድ ልጅ ስም ያወጡበታል" ሲሉኝ ግን ደነገጥሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ጎን ያለው የልብስ ማጠቢያ ባለቤት ስሙ ንግያ ነው። እሑድ እሑድ የደንበኞቹን ቦታ በመኪናችን እየሞላንበት "እባካችሁ አንሱልኝ" እያለ በር ላይ ይቆማል። ለካ ጽድቅ ራሱ በስሙ መጥቶ ደጃፍ ላይ ሲለምን፣ እኛ ውስጥ ስለ ጽድቅ እያጨበጨብን "በኋላ ና" እያልን እንመልሰው ኖሯል።

"በዛሬው ቻይና ደግሞ አሳጥረውታል" አሉ ሚስተር ቾ፤ ሁለት የተጠላለፉ ጭረቶችና አንድ ነጥብ ጻፉ።

"በጉ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ጊዜ ለመቆጠብ ታረደ።"

ልነሣ ስል "ቆይ፣ አንድ ነገር ቀረ" አሉኝ። ይህ ፊደል፣ አሉ፣ ከሥጋ ያልሆነውን ግን የሥጋን ሥራ የሚሠራውን ሁሉ ይጠሩበታል። አሳዳጊ አባት በዚህ ይጻፋል። በመሐላ ወንድማማች የሆኑ በዚህ ይጻፋሉ። የእንጨት እግር በዚህ ይጻፋል። ከዚያም ጥርሳቸውን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። ያለ ጥርስ "ይህም" ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ነበር። "ያበቀልሁት አይደለም። ግን የሚያኝክልኝ እሱ ነው።"

ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ሰምቼ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ አስካለ ደወለች።

አስካለ አልወለደችም። ናቲ የጎረቤቷ ልጅ ነበር፤ እናቱ ስትሞት ገና መራመድ አልጀመረም፤ አባትም የለው። የአስካለ አባት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ፤ አስካለ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ሕፃኑን አጠባችው፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አለቀ። የጡት ልጇ ሆነ። እኔ ባደግሁበት አገር ከዚህ የጠነከረ ዝምድና አላውቅም፤ የወለዱትን ሰው ይክዳል፣ የጡት ልጁን የካደ ግን በሽማግሌ ፊት አይቆምም። ይህን ሕፃን ይዛ ነው እዚህ የገባችው። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት እየሠራች አሳደገችው። ማሩን ደብቃው አታውቅም፤ ትንሽ ሆኖ ሲያለቅስ "ማር ነው ያበላሁህ፣ ምን ያስመርርሃል?" እያለች ታባብለው ነበር። እዚህ ካደጉት ልጆች ሁሉ ትልቅ ሰው በአንቱታ የሚጠራ እሱ ብቻ ነበር፤ ያም የአስካለ ሥራ ነው።

በዚያ ሰሞን ናቲ ሀያ ዓመቱን ዘሎ ነበር፤ የነርስነት ፈተና ሁለቴ ወድቋል፤ የያዛት ልጅም ትታዋለች። ሰውየው በሳምንቱ ውስጥ ወጣቶቹን ለየብቻ እያስገባ ይመክር ነበርና ናቲም ገባ። ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ የማሩን ታሪክ ነገረው፣ የሚያምር ታሪክ መስሎት። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ አሉ። ያ ማር ውል ነው አለው፤ ከባዕድ መንፈስ ጋር የተዋዋሉበት። ፈተናው የሚወድቀው በማሩ ነው፤ ልጅቷ የሄደችው በማሩ ነው። እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሞ የዚያች ሴት ልጅ አይደለሁም ብሎ ካልካደ ቀንበሩ አይሰበርም።

"እኔ ባዕድ መንፈስ አለብኝ ወይ ብርሃኔ?" አለችኝ አስካለ በስልክ።

"ያለብሽ የወገብ ሕመም ነው" አልኳት። አልሳቀችም።

ሐሙስ ማታ ከፕሮግራሙ በኋላ ሰውየውን ዲቪዲው ጠረጴዛ አጠገብ አገኘሁት። ሚስተር ቾ የጻፉልኝን ወረቀት ይዤ ነበር። በትሕትና ነው የተናገርሁት፤ ለመናቅ ጊዜ አለው።

"አገልጋይ፣ አንድ የሚያነቡ ሰው ጠይቄ ነበር። በዛሬው ቻይና በጉ ከፊደሉ ወጥቷል ይላሉ። ይኸው።"

ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቱን የተጠላለፉ ጭረቶች አየና ፊቱ በራ። "እማማ፣ ይኸ እኮ መስቀል ነው" አለ። ነጥቡስ ስለው "የደም ጠብታ" አለኝ። በማግሥቱ ምሽት ግድግዳው ላይ አበራው፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ታሸንፈዋለህ? በጉን ብታሳየው በግ ነው፣ በጉን ብትነሣው መስቀል ነው።

"ሌላም አለ" አልኩት ያን ሐሙስ። "ከነቴራዎ ላይ ያለው ፊደል አሳዳጊ ወላጅ ሲጻፍበት የኖረ ነው። በቃል ለተሳሰረ ዘመድ ነው። እርስዎ ደግሞ እሱን ለብሰው ይህን ልጅ ከእናቱ እየለዩ ነው።"

"እማማ፣ ዝርዝር ውስጥ አንግባ" አለኝና ዲቪዲ ለሚገዛ ሰው መልስ ወደ መቁጠሩ ዞረ።

ናቲን ፓርኪንግ ላይ ጠበቅሁት። የሰማሁትን ሁሉ፣ ስለ ስለቱም ስለ ጥርሱም፣ ነገርሁት። ከነቴራውን ለብሶ ቆሞ መሬት መሬት እያየ ሰማኝና "እትዬ፣ ኖ ኦፌንስ፣ ማለቴ፣ እርስዎ አሮጌ መንፈስ ነው ያለዎት። አዲሱን ነገር አይቀበሉም" አለኝ። ሲሰድበኝ እንኳ በአንቱታ ነው። የአስካለ ልጅነቱ ከአፉ ሲወጣ እሱ አልሰማውም፤ እኔ ሰማሁት።

እሑድ ሰውየው ናቲን ወደ መድረክ ጠራው። ማይክሮፎን አስያዘው። "ከማሩ ውል ወጥቻለሁ፣ የዚህች ሴት ልጅ አይደለሁም በል" አለው። አስካለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የልጁን ምሳ ጭኗ ላይ ይዛ። ናቲ አፉን ከፈተ። አማርኛው አልመጣለት አለ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለመናገር ምላሱ እምቢ አለው ብል ይቀለኛል። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ "አይም ናት ኸር ሰን" አለ። የአስካለ እንግሊዝኛ ልጆቹን "ቺክን ኦር ፒዛ" ብሎ ከመጠየቅ አያልፍም፤ ለዚያች ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ሴቶቹ እልል አሉ። ኪቦርዱ በዚያችው ምት ገባ። እነዚያ እልል ያሉ ሴቶች ግማሾቹ በአስካለ ቤት የበሉ፣ ሲታመሙ ሾርባ የወሰደችላቸው ናቸው። ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ሲስሙኝ አንዱን ጉንጬን ሰጥቼ ሌላውን ለራሴ አስቀራለሁ።

አስካለ ቁልፏን ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። መኪናዋን አስነሥታ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትሄድ ተቀመጠች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አልኳት።

"ሥራ አለው።"

"አስካለ፣ አሁን ያለውን አልሰማሽም?"

"ሰማሁ። በምን ይሄዳል ታዲያ?"

ናቲ ያኔ መኪና አልነበረውም፤ ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር። ጉባኤው ወጣ፤ አቅፈው አቅፈው "ነጻ ወጣህ" አሉት። ከዚያም ሁሉም ሰውየውን አጅበው ምሳ ሊበሉ በየመኪናቸው ገቡ። አዲሱ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ከፓርኪንጉ ወጥቶ አለቀ። ልጁ በጽድቅ ከነቴራው ባዶው አስፋልት ላይ ብቻውን ቀረ። አስካለ ጥሩምባዋን አንዴ ብቻ ነካ አደረገች። መጣና ከፊት ሳይሆን ከኋላ ገባ፣ እንደ ታክሲ። እሷም ሳትዞር ምሳውን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ሰጠችውና መንገድ ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "እማዬ" ማለት ተወ። "አስካለ፣ ቁልፌን አይተሻል?" "አስካለ፣ ዛሬ አመሻለሁ።" በወጥ ቤት ውስጥ፣ ከድስቱ እየቀዳ፣ በስሟ ይጠራት ነበር። እሷም አቤት ትላለች። እኔ ብሆን ድስቱን ከነወጡ ወደ ውጭ ነበር የምወረውረው። እሷ ግን "ስሜ እኮ ነው ብርሃኔ፣ ምን አጠፋ?" ትለኝና ስልኩን ቶሎ ትዘጋለች።

ሰውየው እንደሄደ ወጣቶቹ ፊደሉን በትልቅ ጨርቅ አሳትመው ከመድረኩ በላይ ሰቀሉት። ሳምንታት አልፈው፣ አንድ እሑድ ንግያ ስለ መኪናው ሊለምን እንደ ልማዱ ብቅ ሲል ጨርቁን አይቶ አንገቱን ዘመም አደረገ። ስሙ በቻይና ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አባቱ አሳይተውት ኖሯል። "ስሜን ዘቅዝቃችሁ ሰቅላችኋል" አለ። እውነቱን ነበር፤ በጉ ቀንዱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ሰማይ። ከዚያ ሁሉ አልቃሽ አንድ ሰው አላወቀም። ጨርቁን አወረዱት፤ ልክ አድርገው መልሰው በመስቀል ፈንታ አጣጥፈው ወንበር ማስቀመጫው ክፍል ወረወሩት። ጽድቅ ተገልብጦ ሲሰቀል ነበር የሚስማማቸው።

ብርድ ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሚስተር ቾ ቤት ስወጣ ናቲን ፓርኪንጉ ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ከስቷል።

"እትዬ፣ ፓስተሩን ኮል ሳደርግ ቮይስሜይሉ ሙሉ ነው ይለኛል" አለኝ። ቀጥሎም "ፈተናውንም ወደቅሁ። ማለቴ፣ ማሩ ከወጣ በኋላ።"

"እንግዲህ ማሩ አልነበረም" አልኩት። "ምኑን ነው የምትወድቀው?"

"የመድኃኒት ልኬቱን።"

"ሒሳብ ነዋ። ሒሳብ ደግሞ በማይክሮፎን አይወጣም።"

ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። "እኚያ ሽማግሌ ላገኛቸው እችላለሁ?" አለ።

ተመልሼ ይዤው ገባሁ። ሚስተር ቾ አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ብዙም አይነሡም። ማን እንደሆነ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ብሩሻቸውንና ቀለማቸውን አስመጡኝ። እኔ ጥርሳቸውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ሄድሁ። ውሃው ሲወርድ የሁለቱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፣ ቃሉ ግን አልተለየልኝም፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌና እንባ የያዘው ልጅ ምን እንደተባባሉ ዛሬም አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። ስመለስ ናቲ አንድ ወረቀት በሁለት ማዕዘኑ ይዞ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሟል። በጉ አለ፣ ስለቱም አለ። የመጨረሻዋ ነጥብ ግን እጃቸው ተንቀጥቅጦ ከቦታዋ ዝቅ ብላ ወድቃለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ አስካለ ደወለች። "ብርሃኔ፣ ዛሬ 'እማዬ፣ ጨው የታለ?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ጨዉን ሰጠሁት።"

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በመሐላችን ተነሥቶ አያውቅም። ናቲ ሒሳቡን አጠና፣ ፈተናውን አለፈ። ሚስተር ቾ ዓመቱ ሳይሞላ አረፉ። ከነቴራዎቹ የመኪና መወልወያ ሆኑ፤ ለዚያ ጥሩ ጨርቅ ነበሩ። ሰውየው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደዚህ ተዛውሮ ቤት ይሸጣል። ፎቶው ከአውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ሙሉ ገልጦ ይስቃል። ሳልፍ ፊቴን አላዞርም፤ አየውና አልፈዋለሁ፣ ወንበር እንደሚታይ።

ፋርማሲው ውስጥ መነጽሬን አገኘሁት። ንቅሳት አልወድም። ኦሪት ላይ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም አልወደውም። ለናቲም ይህንኑ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን መነጽሬን ሳደርግ በክንዱ ላይ ያለው ፊደል የመጨረሻዋ ነጥብ ከቦታዋ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። የሚስተር ቾ እጅ ነበር፤ መንቀጥቀጡ ሳይቀር።

"ለማን ነው የምትገዛው?" አልኩት።

"ለእማዬ። የቀሩትን ጥርሶቿን አውጥተው አርቴፊሻል አደረጉላት። ሶ፣ እኔ ነኝ ማታ ማታ የማጥብላት፤ እሷ ታፍራለች።"

ሁለቱን ካርቶኖች ተቀብዬ ጀርባቸውን አነበብሁ፤ እንደ ድሮዬ በጥንቃቄ። አንደኛውን መደርደሪያው ላይ መለስሁት።

"ሰማያዊውን ውሰድ" አልኩት። "ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሙቅ ካደረግህበት ጥርሱ ይጣመማል።"